ባለ ሬጉሌተር የአየር ጠመንጃ

ባለ ሬጉሌተር የአየር ጠመንጃ በባሩድ ፋንታ አስቀድሞ በታመቀ አየር ኃይል አረር የሚተኩስ፣ በአየር ማጠራቀሚያውና በቫልቩ መካከል የግፊት መቆጣጠሪያ (ሬጉሌተር) የተገጠመለት ጠመንጃ ነው። የማጠራቀሚያው ግፊት ከተኩስ ወደ ተኩስ እየቀነሰ ቢሄድም፣ ሬጉሌተሩ ወደ ቫልቩ የሚደርሰው ግፊት አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው አረርና የሃምሳኛው አረር ፍጥነት እምብዛም አይለያይም።

ከዘመናዊዎቹ ብዙዎቹ በርሜላቸው ተፈትቶ ከ4.5 ሚሊ ሜትር ወደ 5.5፣ ወደ 6.35 ወይም ወደ 7.62 ሚሊ ሜትር ካሊበር ሊቀየሩ ይችላሉ። በርሜሉ ተቀይሮ ሌላው ክፍል እንዳለ ከተተወ ግን ጠመንጃው አየር ያባክናል፤ አለዚያም ከባዱን አረር በሚገባው ፍጥነት መግፋት ያቅተዋል፤ ወይም ቀላሉን አረር ወደ ድምፅ ፍጥነት አስጠግቶ ከዒላማ ያስወጣዋል። ካሊበር መለወጥ ማለት የግፊትን፣ የአየር መጠንንና የቫልቭ መከፈቻ ጊዜን ሚዛን እንደገና ማስተካከል ነው።

ከባሩድ ጠመንጃ የሚለይበት

በኢትዮጵያ ጠመንጃ ለረጅም ጊዜ በየስሙ ሲለይ ኖሯል። ውጅግራውም ምንሽሩም የየራሱ ጥይት ነበረው። ውጅግራ የሚባለው በፈረንሳይ ጦር በ1874 እ.ኤ.አ. የተመረጠው የግራ ጠመንጃ ሲሆን፣ ካሊበሩ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያው የመጣ ነው። የዚህ ጠመንጃ ጥይት ባሩዱ በፋብሪካ ተመዝኖ፣ በቀለሁ ውስጥ ታሽጎ ይመጣል። ተኳሹ ስለ ጉልበቱ መጠን አይጨነቅም፤ ጥይቱ ጉልበቱን ራሱ ተሸክሞት ይመጣልና።

የአየር ጠመንጃ አረር ግን ቀለህም ባሩድም የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ከእርሳስ የተሠራ፣ ወገቡ ቀጠን ያለ፣ ከኋላው እንደ ቀሚስ ሰፍቶ ውስጡ ክፍት የሆነ ትንሽ ቅርጽ ነው። በአየር ሲገፋ ቀሚሱ ሰፋ ብሎ የበርሜሉን ቦይ ይይዛል። ጉልበቱ ያለው በጠመንጃው ውስጥ ነው፤ ስለሆነም በባሩድ ጠመንጃ የጥይት ፋብሪካው የሚሠራውን የመመጠን ሥራ እዚህ የሚሠራው ጠመንጃውን የሚያስተካክለው ሰው ነው።

ታሪክ

የታመቀ አየርን ለተኩስ መጠቀም አዲስ ሐሳብ አይደለም። ለጦር ሠራዊት ከዋሉት መካከል ከሁሉም የታወቀው ባርቶሎሜዎ ጂራርዶኒ የሠራውና የኦስትሪያ ጦር ከ1780 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ የታጠቀው ነው። በበርሜሉ ጎን ባለ ቱቦ 20 ያህል ክብ አረሮችን ይይዝ ነበር። ሰደፉ ራሱ የአየር ማጠራቀሚያ ሲሆን፣ በእጅ ፓምፕ ለመሙላት 1,500 ጊዜ ያህል መግፋት ይጠይቅ ነበር። ጭስ የሌለውና ሳይጎረስ ደጋግሞ የሚተኩስ መሆኑ በዘመኑ አስደናቂ ነበር። ሜሪዌዘር ሉዊስና ዊልያም ክላርክም ከ1803 እስከ 1806 እ.ኤ.አ. ባደረጉት የሰሜን አሜሪካ ጉዞ አንድ የአየር ጠመንጃ ይዘው ነበር።

እነዚህ ጠመንጃዎች ሬጉሌተር አልነበራቸውም። ሰደፉ እንደተሞላ የሚተኮሱት አረሮች ብርቱ ሲሆኑ የኋለኞቹ እየደከሙ ይሄዱ ነበር፤ ተኳሹም ስንተኛውን አረር እንደተኮሰ እያሰበ ማነጣጠሪያውን ከፍ ማድረግ ነበረበት።

የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር በ1984 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ገባ። በዚህ ውድድር ካሊበሩ 4.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የዒላማው የአሥር ነጥብ ምልክት ስፋት 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ ሬጉሌተር በውድድር ጠመንጃዎች ላይ የተለመደ ክፍል ሲሆን፣ በትልልቅ ካሊበሮችም ላይ ይሠራበታል።

አሠራር

አየሩ የሚቀመጠው በቦምቦላ ወይም በበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ነው። የተለመደው የመሙያ ግፊት ከ200 እስከ 300 ባር ይደርሳል። የመኪና ጎማ ግፊት ከ2 እስከ 3 ባር መሆኑን ማስታወስ የመጠኑን ትልቅነት ያሳያል። ከቦምቦላው ቀጥሎ ሬጉሌተሩ አለ፤ ከሬጉሌተሩ በኋላ ደግሞ የተመጠነው አየር ተኩሱን የሚጠብቅበት መካከለኛ ክፍል ይገኛል። ምላጩ ሲሳብ በሞላ የሚገፋ መዶሻ ቫልቩን ይመታዋል፤ ቫልቩ ለቅጽበት ይከፈትና አየሩ በማስተላለፊያ ቀዳዳ በኩል ከአረሩ ጀርባ ይደርሳል። ግማሽ ሜትር በርሜል ውስጥ አረሩ የሚቆየው ከ3 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው።

ሬጉሌተር በኢትዮጵያ ከተሞች እንግዳ ዕቃ አይደለም። በቡታ ጋዝ ቦምቦላ አናት ላይ የሚገጠመው፣ እንዲሁም በብየዳ ቤት በኦክስጅን ቦምቦላ ላይ ሁለት የግፊት መለኪያ ይዞ የሚታየው ዕቃ ሥራው ያው ነው፤ ከከፍተኛ ግፊት ዝቅተኛና የማይዋዥቅ ግፊት ማውጣት። የጠመንጃው ግን በጣም ትንሽ ሆኖ፣ የሚያወጣው ግፊት ደግሞ ከ60 እስከ 170 ባር ድረስ ይሆናል።

በውስጡ አንዱ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ጫፉ ጠባብ የሆነ፣ መካከሉ የተቦረቦረ ፒስተን አለ። ፒስተኑን ወደ መክፈቻው አቅጣጫ የሚገፉት እንደ ሳህን ጎድጎድ ያሉ ተደራራቢ የብረት ሮንዴላዎች ናቸው። አየር በፒስተኑ ውስጥ አልፎ ወደ መካከለኛው ክፍል ሲገባ፣ እየጨመረ የሚሄደው ግፊት ሰፊውን ጫፍ ይጫነዋል፤ ግፊቱ የሮንዴላዎቹን ኃይል ሲያሸንፍ ጠባቡ ጫፍ መቀመጫው ላይ ተጭኖ መንገዱን ይዘጋል። ሮንዴላዎቹን ይበልጥ የሚያጠብቅ ብሎን ግፊቱን ከፍ፣ የሚያላላው ደግሞ ዝቅ ያደርጋል። ሮንዴላዎቹ ያሉበት ክፍል በትንሽ ቀዳዳ ከውጭው አየር ጋር ይገናኛል። በዚህ ቀዳዳ በኩል አየር ማፏጨት ከጀመረ ጎሚኒ ቀለበቱ ተበልቷል ማለት ነው።

ካሊበር ሲለወጥ የሚለወጠው

የአረሩ ጀርባ በሰፋ መጠን ያው ግፊት የበለጠ ኃይል ይሰጣል። 130 ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ 13 ኒውተን ነው። በ4.5 ሚሊ ሜትር አረር ጀርባ ላይ ይህ 207 ኒውተን ያህል ይሆናል፤ በ5.5 ሚሊ ሜትር 309፣ በ6.35 ሚሊ ሜትር 412፣ በ7.62 ሚሊ ሜትር ደግሞ 593 ኒውተን ይደርሳል። ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲታይ ኃይሉ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም።

የአረሩ ክብደት ግን ከዚህ በፈጠነ መጠን ያድጋል። የተለመደ የ4.5 ሚሊ ሜትር አረር ከ0.5 እስከ 0.7 ግራም፣ የ5.5 ሚሊ ሜትሩ ከ0.9 እስከ 1.2 ግራም፣ የ6.35 ሚሊ ሜትሩ ከ1.6 እስከ 2.2 ግራም፣ የ7.62 ሚሊ ሜትሩ 3 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ክብደቱ አምስት እጥፍ ሲያድግ ኃይሉ ሦስት እጥፍ ብቻ ስለሚያድግ፣ ትልቁ አረር በትንሹ አረር ግፊት ከተገፋ ይዘገያል። ለትልቅ ካሊበር ግፊቱ ከፍ የሚደረግበት ምክንያት ይኸው ነው።

የሚፈለገው ፍጥነት ግን ለሁሉም ተቀራራቢ ነው። ወገበ ቀጭኑ አረር ከ250 እስከ 290 ሜትር በሰከንድ ሲጓዝ በደንብ ይመታል። የድምፅ ፍጥነት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 343 ሜትር በሰከንድ ነው፤ አረሩ ወደዚያ ሲጠጋ የሚገጥመው የአየር መንቀጥቀጥ ያወዛውዘዋል። ብዙ ጀማሪዎች ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ጠመንጃው የተሻለ ይመስላቸዋል፤ በአየር ጠመንጃ ግን ከአንድ መጠን በኋላ ፍጥነት የዒላማ ጠላት ነው። በዚህ ፍጥነት (270 ሜትር በሰከንድ ቢያዝ) 0.55 ግራም አረር 20 ጁል፣ 1.17 ግራም አረር 43 ጁል፣ 2.2 ግራም አረር 80 ጁል፣ 2.9 ግራም አረር 106 ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል።

ብዙውን ጊዜ ሬጉሌተሩ ለ4.5 ሚሊ ሜትር ከ80 እስከ 110፣ ለ5.5 ሚሊ ሜትር ከ110 እስከ 135፣ ለ6.35 ሚሊ ሜትር ከ130 እስከ 150፣ ለ7.62 ሚሊ ሜትር ከ140 እስከ 170 ባር ላይ ይደረጋል። ለውድድር የሚያገለግለው የ10 ሜትር ጠመንጃ ከሁሉም ያነሰ ግፊት ይበቃዋል፤ ጉልበቱ ከ7.5 ጁል አካባቢ አይበልጥምና። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ እንጂ ሕግ አይደሉም፤ የበርሜል ርዝመትና የቀዳዳ ስፋት ሲለያይ አብረው ይለያያሉ።

የመካከለኛው ክፍል መጠን

ካሊበር ሲለወጥ በብዛት የሚዘነጋው በሬጉሌተሩና በቫልቩ መካከል ያለው ክፍል ይዘት ነው። በተኩሱ ቅጽበት ሬጉሌተሩ አየር ለመተካት አይደርስም፤ አረሩን የሚገፋው በዚህ ክፍል የተዘጋጀው አየር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ሊትር አየር (በባሕር ወለል ግፊት የተለካ) 80 ጁል ያህል ይሰጣል ብንል፣ 45 ጁል ያለው የ5.5 ሚሊ ሜትር ተኩስ 0.56 ሊትር ይወስዳል። 30 ሚሊ ሊትር ይዘት ያለው ክፍል በ130 ባር ሲሞላ 3.9 ሊትር አየር ይይዛል፤ ስለዚህ ተኩሱ ግፊቱን በ14 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። ይህ ጤናማ ነው።

በዚያው ክፍል 105 ጁል የሚፈልግ የ7.62 ሚሊ ሜትር አረር ቢተኮስ ግን 1.31 ሊትር ያስፈልጋል። ይህ ከተዘጋጀው አየር ሲሶ ያህል ስለሆነ አረሩ በርሜሉን ሳይጨርስ ግፊቱ ይከዳዋል። ብሎኑን አጥብቆ ግፊት መጨመር ችግሩን በከፊል ብቻ ይፈታዋል። ይዘቱ ወደ 70 ሚሊ ሊትር ከፍ ብሎ ግፊቱ 150 ባር ቢደረግ የተዘጋጀው አየር 10.5 ሊትር ይሆናል፤ ቅናሹም ወደ 12 በመቶ ይመለሳል። ሠሪዎች ለ1.36 ጁል 1 ሚሊ ሊትር ይዘት የሚለውን ግምት የሚጠቀሙት በዚሁ ስሌት ነው።

መዶሻ፣ ሞላና ቀዳዳ

ቫልቩን ዘግቶ የሚይዘው ራሱ የአየሩ ግፊት ነው። መቀመጫው 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቫልቭ በ100 ባር 500 ኒውተን ያህል፣ በ130 ባር 650 ኒውተን ያህል ተጭኖ ይዘጋል። ስለዚህ ሬጉሌተሩ ከፍ ተደርጎ የመዶሻው ሞላ ሳይጠብቅ ከቀረ፣ ቫልቩ በቂ ጊዜ አይከፈትም፤ ግፊቱ ጨምሮ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ይህ ጀማሪን ግራ የሚያጋባ ውጤት ነው። ብዙ ሬጉሌተሮች ምንም ሳይጎድላቸው «ተበላሽቷል» ተብለው የሚፈቱት በዚህ የተነሳ ነው።

ማስተካከሉ የሚጀመረው ከግፊቱ ነው። ሬጉሌተሩ ለአረሩ በሚስማማው ግፊት ላይ ይደረግና ሞላው ከላላ ቦታ ተነስቶ ጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃል። በየእርከኑ ጥቂት አረሮች በፍጥነት መለኪያ (ክሮኖግራፍ) ላይ ይተኮሳሉ። መጀመሪያ ፍጥነቱ በየእርከኑ በግልጽ ይጨምራል፤ ቆይቶ ጭማሪው ያንሳል፤ በመጨረሻ ሞላው ቢጠብቅም ፍጥነቱ አይንቀሳቀስም። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው አየር አረሩ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ ተከትሎት የሚፈስ፣ ድምፅ እንጂ ጉልበት የማይሰጥ ብክነት ነው። ጥሩው ቦታ ከከፍተኛው ፍጥነት ከ95 እስከ 97 በመቶ ባለው ላይ ይገኛል። ይህ ስፍራ በሥዕል ሲታይ መስመሩ የሚታጠፍበት ቦታ ስለሆነ በሙያው ጉልበት ይባላል፤ በአማርኛ የእግር ጉልበትም ኃይልም አንድ ቃል መሆናቸው እዚህ ላይ ያጋጠመ ነገር ነው።

በጉልበቱ ላይ የተገኘው ፍጥነት ከሚፈለገው በታች ከሆነ ሞላውን ማጥበቅ ዋጋ የለውም፤ ሬጉሌተሩ በ5 ባር ያህል ከፍ ይደረግና ሙከራው ይደገማል። ከሚፈለገው በላይ ከሆነ በተቃራኒው። የሬጉሌተሩ ብሎን የሚዞረው ግን አየሩ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ነው። ግፊት ባለበት ማላላት መካከለኛው ክፍል ውስጥ የቀረውን አየር አያስወጣውም፤ መለኪያው የድሮውን ቁጥር እያሳየ ሠራተኛውን ያሳስታል፤ መቀመጫውንም ሊጎዳ ይችላል።

የማስተላለፊያ ቀዳዳው ስፋት ለሙሉ ጉልበት ከበርሜሉ ካሊበር ከ70 እስከ 80 በመቶ ይሆናል። በ5.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ይህ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ቀዳዳ ላይ የ7.62 በርሜል ቢገጠም ጠመንጃው በጠባብ ጉሮሮ እንደሚተነፍስ ሰው ይሆናል። በአንጻሩ ከትልቅ ወደ 4.5 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ሰው ቀዳዳውን ካላጠበበ ቀላሉ አረር ለድምፅ ፍጥነት ይቃረባል። ብዙ ጠመንጃዎች ላይ ቀዳዳውን የሚያጠብ ብሎን ያለው ለዚህ ነው። የመዶሻው ክብደትም ይቆጠራል፤ ከባድ መዶሻ ቫልቩን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚይዘው ለትልቅ ካሊበር፣ ቀላሉ ደግሞ ለትንሽ ይስማማል።

ካሊበር ሲያድግ የተኩስ ብዛት ያንሳል። ግማሽ ሊትር ቦምቦላ በ250 ባር ተሞልቶ ሬጉሌተሩ 130 ባር ላይ ቢሆን፣ ከሁለቱ መካከል ያለው 60 ሊትር አየር ነው፤ በ45 ጁል 107 ያህል ተኩስ ይሰጣል። ያው ቦምቦላ በ7.62 ሚሊ ሜትር ሬጉሌተሩ 150 ባር ሲሆን 50 ሊትር ብቻ ይሰጣል፤ ተኩሱም ወደ 38 ይወርዳል። የቦምቦላው ግፊት ከሬጉሌተሩ በታች ሲወርድ ጠመንጃው እንደ ጂራርዶኒ ዘመን መሣሪያ እየደከመ መተኮስ ይጀምራል።

የብልሽት ምልክቶች

ጠመንጃው አድሮ የመጀመሪያው አረር ከሌሎቹ የተለየ ፍጥነት ካሳየ፣ ሬጉሌተሩ ሙሉ በሙሉ አልዘጋም፤ አየር ቀስ እያለ እየሾለከ ግፊቱን ከተመደበለት በላይ አድርሶታል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ መቀመጫው ላይ ያረፈ ቆሻሻ ወይም ጭረት ነው። ፍጥነቱ በተከታታይ ተኩስ ላይ እየቀነሰ ሄዶ ጥቂት ሲያርፍ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ሬጉሌተሩ መካከለኛውን ክፍል ለመሙላት ዘግይቷል። ፍጥነቱ ሳይለዋወጥ አረሮቹ የሚበታተኑ ከሆነ ግን ሬጉሌተሩን መንካት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ በአረሩ፣ በበርሜሉ ወይም በማነጣጠሪያው ነው።

ከፍታና የአየር ሁኔታ በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ያለው አቃቂ ቃሊቲ ከባሕር ወለል ወደ 2,100 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። እዚያ የከባቢ አየር ግፊት 0.78 ባር ገደማ ሲሆን በባሕር ወለል 1.01 ባር ነው። ሬጉሌተሩ ግፊቱን የሚመጥነው ከውጭው አየር አንጻር ቢሆንም፣ የ0.23 ባር ልዩነት ከ130 ባር ጋር ሲነጻጸር ከ0.2 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ጠመንጃ ደጋ ላይ ሲወጣ ሬጉሌተሩን መፍታት አያስፈልግም።

የሚለወጠው አረሩ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ ያለው ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ሊቀንስ ጥቂት ስለሚቀረው አረሩን የሚጎትተው ኃይል በዚያው መጠን ያንሳል። 280 ሜትር በሰከንድ የሚወጣ 1.17 ግራም የ5.5 ሚሊ ሜትር አረር 50 ሜትር ላይ ሲደርስ በባሕር ወለል 226 ያህል፣ በአቃቂ ቃሊቲ ከፍታ ደግሞ 237 ሜትር በሰከንድ ያህል ፍጥነት ይቀረዋል። ጉልበቱ በ10 በመቶ ይበልጣል ማለት ነው። መውረዱም ስለሚቀንስ ማነጣጠሪያው እንደገና መስተካከል ይኖርበታል። ይህ ልዩነት በአገር ውስጥ ጉዞም ይታያል። ከደብረ ብርሃን ብርድ (ወደ 2,840 ሜትር) ወደ መተማ ቆላ ሙቀት (ወደ 700 ሜትር) ሲወረድ የአየሩ ጉተታ በ20 በመቶ ያህል ይጨምራል።

የድምፅ ፍጥነት ግን ከከፍታ ጋር ሳይሆን ከሙቀት ጋር ይሄዳል። በ5 ዲግሪ 334፣ በ40 ዲግሪ 355 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው። ቆላ ላይ ደህና የሚመታ ፈጣን አረር በብርዳማ የደጋ ማለዳ ወደ ድምፅ ፍጥነት ይበልጥ ይጠጋል።

ሙቀት በቦምቦላው ላይም ይሠራል። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ በ50 ዲግሪ 250 ባር ያሳየ ቦምቦላ ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 227 ባር ያህል ብቻ ያሳያል። ይህ መሹለክ አይደለም። ሬጉሌተር የሌለው ጠመንጃ በእንዲህ ያለ ለውጥ ፍጥነቱን ያጣል፤ ባለ ሬጉሌተሩ ጥቂት ተኩስ ብቻ ይጎድልበታል።

አየር መሙላትና አደጋው

የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ጥቂት ባሮችን ብቻ ስለሚሰጥ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አየሩን በየደረጃው የሚያምቅ ልዩ ኮምፕሬሰር ወይም ባለ ሦስት ደረጃ የእጅ ፓምፕ ያስፈልጋል። ግማሽ ሊትር ቦምቦላ እስከ 250 ባር ለመሙላት የባሕር ወለል አየር ቢሆን 125 ሊትር ይበቃ ነበር፤ በአቃቂ ቃሊቲ ግን አየሩ የሳሳ ስለሆነ 160 ሊትር ያህል መሳብ ይኖርበታል። ፓምፑን የሚገፋ ሰው ከሩብ በላይ ትርፍ ድካም አለበት። በክረምት ደግሞ ከዚያ አየር ጋር የሚገባው እርጥበት ይጨምራል። 15 ዲግሪ ሙቀትና 80 በመቶ እርጥበት ባለው ቀን 160 ሊትር አየር 1.6 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል፤ አየሩ ሲታመቅ አብዛኛው ወደ ጠብታ ይለወጣል። እርጥበት መጣጭ ማጣሪያ ከሌለ ውኃው ሬጉሌተሩ ውስጥ ይደርስና ሮንዴላዎቹን ያዝጋል።

ትልቁ አደጋ ግን ኦክስጅን ነው። በከተማ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው ከፍተኛ ግፊት ያለው ቦምቦላ የብየዳ ቤቱ የኦክስጅን ቦምቦላ ስለሆነ፣ ማገናኛ ሠርቶ ከዚያ ለመሙላት መሞከር ሊያጓጓ ይችላል። ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ከዘይት፣ ከቅባት ወይም ከጎሚኒ ጋር ሲገናኝ ይቀጣጠላል፤ የመዶሻው አንድ ምት ወይም የቫልቩ ድንገተኛ መከፈት ለመለኮስ ይበቃል። ውጤቱ ተኳሹ ጉንጭ አጠገብ የሚፈነዳ ብረት ነው። የአየር ጠመንጃ የሚሞላው በንጹሕና ደረቅ አየር ወይም በናይትሮጅን ብቻ ነው። ለጎሚኒ ቀለበቶቹም የሞተር ዘይት ሳይሆን የሲሊኮን ቅባት ይደረግላቸዋል፤ ተራ ዘይት በታመቀ ተራ አየር ውስጥ እንኳ እንደ ናፍጣ ሞተር ሊቀጣጠል ይችላልና።

ግማሽ ሊትር በ250 ባር የተሞላ ቦምቦላ የሚይዘው ጉልበት ከ20,000 ጁል በላይ ነው። የጠመንጃው አንድ ተኩስ ከ100 ጁል ብዙ እንደማይበልጥ ሲታሰብ፣ በዕቃው ላይ አደገኛው ክፍል አፈሙዙ ብቻ እንዳልሆነ ይታያል። የተጫረ፣ የተቀጠቀጠ ወይም የመፈተሻ ጊዜው ያለፈበት ቦምቦላ አይሞላም፤ ግፊት ያለበት ብሎንም አይፈታም። የእርሳስ አረር የነካ እጅ ምግብ ከመንካቱ በፊት ይታጠባል።

ሕግ

በብዙ አገሮች የአየር ጠመንጃ በሕግ የሚታየው በአፈሙዙ ጉልበት ነው። በጀርመን እስከ 7.5 ጁል ያለው ልዩ ምልክት ተደርጎበት ለአዋቂዎች ይሸጣል። በእንግሊዝ ጉልበቱ ከ16.27 ጁል በላይ የሆነ የአየር ጠመንጃ እንደ ባሩድ ጠመንጃ የፈቃድ ወረቀት ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት በእነዚያ አገሮች ሞላ ማጥበቅ ወይም ሬጉሌተር ከፍ ማድረግ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ጠዋት ያለ ፈቃድ የተያዘ ጠመንጃ በጥቂት የብሎን ዙር ከሰዓት በኋላ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መያዝና ወደ አገር ማስገባት የሚተዳደረው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። የአየር ጠመንጃ ከውጭ ይዞ ለመምጣት የሚያስብ ሰው ዕቃው የጉምሩክ መፈተሻ ላይ ከመድረሱ በፊት ጉዳዩን ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ጠይቆ በጽሑፍ መልስ መያዝ ይኖርበታል።